በመመሪያ የተተከለ ጎመን

ኅዳር 4 ቀን 1971 ዓ.ም.፣ ሰኞ

ዛሬ ቀበሌ ስብሰባ ነበር። የምርት ዘመቻው ስለ ታወጀ ጓሮ ያለው ሰው ሁሉ ጥቅል ጎመንና ቲማቲም እንዲተክል መመሪያ መጥቷል። ሊቀ መንበሩ ጓድ ከበደ መመሪያውን ሁለት ጊዜ አነበበው፤ ሁለተኛውን ሰው ያልገባው መስሎት ጮክ አድርጎ። ጓድ ከበደ ከአብዮቱ በፊት ልብስ ሰፊ ነበር። የኔን ሱሪ ሁሉ የሰፋው እሱ ነው። አንዱም አልጠበበኝም፤ ይህን መካድ አይገባም።

የኛ ጓሮ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚያልፈው መንገድ ዳር ስለሆነ «ግንባር ቀደም ጓሮ» ተብሏል። ከመኪና ላይ ሆኖ የሚታይ ማለት ነው። እኔ ጡረታ እስክወጣ ድረስ ያስተማርሁት ሒሳብና ጂኦግራፊ ነው። ጎመን በምን ያህል ከፍታ ላይ እንደሚበቅል አስተምሬአለሁ። እንዴት እንደሚበቅል የጠየቀኝ ተማሪ አልነበረም።

ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ለተሻለች ነገርኋት። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ወገቧን ያማታል። ባለፈው ግንቦት ደሴ ለታሰረው ልጃችን ስንቅ ይዛ ስትሄድ የእስር ቤቱ ዘበኛ «ከእንግዲህ አታምጪ» ብሎ አገልግሉን ሳይከፍት መለሰላት። እንዲህ ለሞተ ሰው ለቅሶ መቀመጥ ስላልተፈቀደ አልተቀመጥንም። ጎረቤትም አልመጣም፤ መምጣትም አልተፈቀደም። ወገቧን የሚያማት ከዚያ ወዲህ ነው። ጤና ጣቢያ የሰጧት ኪኒን ነጭ ነው። ያስተኛታል። ሌላ ሲሠራ አላየሁትም።

ኅዳር 7

ቆፈርሁ። መሬቱ ዋልካ ነው፤ ዶማው ላይ ተለጥፎ ይቀራል። እጄ ውኃ ቋጠረ።

ጎረቤታችን ዘይቱና በአጥሩ ቀዳዳ ብዙ ስታየኝ ቆየች። ባሏ ሐሰን ከከተማችን ሥር ካለው ሐይቅ አምባዛ የሚባለውን ዓሣ ያጠምዳል፤ እሷ ጓሮዋን ታለማለች። የሷ ጓሮ የለማው መመሪያው ከመምጣቱ በፊት ስለሆነ በዘመቻው አልተቆጠረላትም።

«ጋሼ አያሌው፣ ምን ሊቀብሩ ነው?» አለችኝ።

ለጎመን ነው አልኋት።

«ጎመን ይኼን ያህል አይወርድም» አለች። ከዚያ የተናገረችው ነገር ራሷን አስደንግጧት መሰለኝ፣ ቀና ብላ ሳታየኝ ሄደች። የቆፈርሁትን እኩሌታውን መልሼ ሞላሁ።

ኅዳር 11

ችግኝ ተከፋፈለ። ስም ሲጠራ «አቤት» ማለት ቀርቷል፤ «አለሁ ጓድ» ነው የሚባለው። ጎመኑን በክር አሰልፌ ተከልሁ። ቲማቲሙን ከውኃ ጉድጓዱ አጠገብ አደረግሁ። መስመሩ ያምራል።

ኅዳር 14

መስመሩ ወድቋል።

ጠዋት ስወጣ ብዙው ጎመን በመቀስ የተቆረጠ ያህል ከአንገቱ ላይ ተቆርጦ ተጋድሟል። መጀመሪያ የጠረጠርሁት ሰው ነው። በዚህ ዘመን መጀመሪያ የሚጠረጠረው ሰው ነው። ዘይቱና ገብታ በእንጨት አፈሩን ጫር ብታደርገው ከግንዱ ሥር የተጠቀለለ ግራጫ ትል ወጣ። ድልብ ነው። ቆራጭ ትል እንደሚሉት ነገረችኝ። ሌሊት ወጥቶ ይቆርጥና ሲነጋ እዚያው ከቆረጠው ሥር ይተኛል።

«ምነው ራቅ አይልም?» አልኋት።

«ለምን ይርቃል? ማን ይነካዋል ብሎ?»

መድኃኒቱ ማልዶ መልቀም ነው። በየግንዱ ዙሪያ አመድ መነስነስም ይረዳል አለች።

ኅዳር 17

ትል ለቀምሁ። አመድ አለቀ። ለጎመኑ አመድ ስል የማበስለው ሳይኖረኝ እሳት አነደድሁ። ተሻለች በዚህ በበጋ ምነው ጢስ በዛ ሳትል ስታስል ዋለች።

ኅዳር 21

ሐሰን የአምባዛ ጭንቅላት በባልዲ አመጣልን። ከቲማቲም ሥር ቢቀበር መሬቱን ያደልባል ብላ ዘይቱና ናት ያዘዘችው። ቀበርሁ።

ኅዳር 22

የሰፈሩ ውሻ በሙሉ ጓሯችን አደረ። ጭንቅላቶቹ አንድ ሳይቀሩ ወጥተዋል፤ ቲማቲሞቹም አብረው። ለዘይቱና ስነግራት ትንሽ አሰበችና የሷ አጥር ውሻ እንደማያስገባ ነገረችኝ። ይህን ትላንት ብታስበው ጥሩ ነበር። አላልኋትም። የተረፉትን መልሼ ተክዬ አጥሩን በግራር እሾህ ደፈንሁት። እጄ አሁን ከውኃ መቋጠሩም በላይ ተቧጭሯል።

ኅዳር 29

ዛሬ አንድ ነገር ሆነ። ትልቅ ነገር አይደለም።

በቀትር ጎመኑን ሳጠጣ ተሻለች በር ላይ ወጥታ ቆመች። መቃኑን ይዛ ነው። ፀሐዩ ዓይኗን ስለ ወጋት በእጇ ከለል አደረገች። እንዳላየኋት ሆኜ ቀጠልሁ።

«በቀትር ታጠጣዋለህ እንዴ?» አለች።

ሳልጠይቃት የተናገረችኝ ነገር ከግንቦት ወዲህ ይኼ ብቻ ነው። «ታዲያ መቼ ላጠጣው?» አልሁ። ድምፄ እንዳይለወጥ ተጠንቅቄአለሁ። ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ ነው እንጂ በቀትርማ ትቀቅለዋለህ ብላ ገባች። ባልዲውን አስቀመጥሁ። ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ አጠጣሁ። በበሩ ስንጥቅ ታየኝ ነበር፤ ዞሬ አላየሁም።

ታኅሣሥ 5

በጎመኑ ቅጠል ሥር ዱቄት የነሰነሱበት የሚመስል ነገር አለ። ቀረብ ሲሉት ይንቀሳቀሳል። ክሽክሽ ነው። ቅጠሉን እየመጠጠ ያኮማትረዋል። የሳሙና ውኃ ይገድለዋል ተባለ። ሳሙና በኅብረት ሱቅ በራሽን ነው የሚሰጠው። የወሩን ራሽን ለጎመኑ በጠበጥሁት። የሸሚዜ አንገት ጠቁሯል፤ ጎመኑ ንጹሕ ነው።

ተሻለች ባልዲ ደፍታ ተቀመጠችበትና ቅጠሉን አንድ በአንድ እየገለበጠች በጣቷ ታብሰው ጀመር። እኔ የረጨሁት ከላይ ከላይ ስለነበር ነፍሳቱን አላገኛቸውም ኖሯል። ይህን የነገረችኝ በቃል አይደለም። ያበሰችበትን ጣቷን አሳየችኝ።

ወገቧን አላመማትም ነበር። ወይም አላለችም።

ታኅሣሥ 8

ሱቅ ተሰልፌ ሳለሁ ከኋላዬ ሁለት ሴቶች ሲያወሩ ሰማሁ።

«የመምህሩ ሚስት ወጥታ ታየች አሉ።»

«ወዴት?»

«ጓሮ ድረስ ነው።»

«አልሐምዱሊላህ፣ ጓሮም መውጣት ነው።»

ዞሬ አላየሁም። ስኳር አልነበረም።

ታኅሣሥ 13

የምርት ኮሚቴው ጸሐፊ ሰላሀዲን ጓሮውን ሊመዘግብ መጣ። ሰላሀዲን ተማሪዬ ነበር። ሒሳቡ ደካማ፣ ጽሕፈቱ ግን ጥሩ ነው። ከልጁ ጋር አንድ ዴስክ ላይ ነው ያደጉት። ደሴ የተያዙትም አብረው ነበር። እሱ ተመለሰ። ለምን እንደ ተመለሰ የሚያውቅ ሰው የለም፤ ሁሉም ግን የየራሱ ግምት አለው። እኔ የለኝም።

በጓሯችን ጥግ ፓፓያ አለች። ትልቅ ናት፤ አበባዋ እንደ ክር ይንዠረገጋል፣ ፍሬ ግን አላየንባትም። መመሪያው ማንኛውም የፍራፍሬ ተክል የሚሰጠው ምርት ይመዝገብ ይላል።

«መምህር፣ ይህች ለምን አላፈራችም?» አለ ሰላሀዲን።

«ወንድ ነው።»

«ፓፓያ?»

«ወንድና ሴት አለው። ይህ ወንዱ ነው። አያፈራም።»

ቅጹ ላይ ለዚህ የሚሆን ቦታ ፈልጎ አጣ። በመጨረሻ «አላፈራም፤ ምክንያት፦ ወንድ» ብሎ ጻፈ። ይህን ሁሉ ሲያደርግ ፓፓያውን አየ፣ ጎመኑን አየ፣ ሐይቁንም አየ። ተሻለች የተቀመጠችበትን በር ብቻ አላየም። እሷ ተነሥታ ገባች። ማታ ወገቧን አመማት።

ታኅሣሥ 20

ተሻለች ከዚያ ወዲህ አልወጣችም። ክሽክሹ ተመለሰ። ብቻዬን አብሳለሁ። የሷን ያህል አልሆነልኝም።

ታኅሣሥ 24

ቲማቲሙ ፍሬ ያዘ፤ ፍሬው ግን ከታች በኩል እየጠቆረ ይበሰብሳል። ከላይ ሲያዩት ቀይና ጤነኛ ነው። ገልብጠው ካላዩት አያስታውቅም። ሰው በሽታ ነው አለኝ። ዘይቱና ግን ውኃ አንድ ቀን አጥለቅልቆ ሦስት ቀን በመርሳት የመጣ ነው ትላለች። እውነት ሳይሆን አይቀርም። ልብ ያለኝ ቀን አጠጣለሁ፣ የሌለኝ ቀን እረሳለሁ።

ለተሻለች አንዱን ቲማቲም ወስጄ አሳየኋት። ገልብጣ አየችው። «አንተ ያስጠማኸው ነው» አለች። ከሰዓት በኋላ ወጥታ ራሷ አጠጣች።

ታኅሣሥ 29

ገና ነው። ዘይቱና ወተት ላከችልን። ተሻለች ከደህናዎቹ ቲማቲሞች መርጣ በሣህን መለሰችላት። በአጥሩ በኩል ራሷ ነች የሰጠቻት። ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም፤ ብዙ ቆሙ።

ጥር 4

በየካቲት ከበላይ ጉብኝት ይመጣል። መኪና ቆሞ የሚያየው የኛን ጓሮ ነው። ስለዚህ ነጭ ማዳበሪያ መጥቷል። በየተክሉ ሥር አንድ አንድ ጭብጥ እንዲደረግ ጓድ ከበደ አዟል። ይህን ያስተማረን ሰው ደሴ ኮርስ ወስዶ የመጣ ነው፤ ኮርሱ ስለ ጤፍ እንደነበር ከስብሰባው በኋላ ነገረኝ።

ሰላሀዲንን ጭብጥ አልበዛም ወይ ብዬ ጠየቅሁት። ድምፁን ዝቅ አድርጎ የመጣው ማዳበሪያ ከጉብኝቱ በፊት ማለቅ አለበት አለኝ። ጓድ ከበደ ራሱ መጥቶ አጥሩን ተደግፎ ቆመ። ተሻለች በር ላይ ነበረች።

«አታድርገው» አለች። ለኔ ብቻ እንዲሰማ ነው ያለችው። «ጨው ነው የሚመስለው። ያቃጥለዋል።»

አደረግሁት። እያንዳንዱን ሥር በጭብጥ አደረግሁለት። ጓድ ከበደ «እንዲህ ነው» አለኝ፤ ድሮ ሱሪ ሲያስለካኝ እንደሚለው።

በልጁም ነገር ደሴ አትሂድ በለው ብላኝ ነበር። ይህ ከዚያ ጋር አይገናኝም።

ጥር 9

የቅጠሉ ዳርና ዳር ቢጫ ሆኗል።

ጥር 10

ቡናማ ሆኗል።

ጥር 12

ነደደ። እሳት የነካው ይመስላል። ተሻለች ማዳበሪያውን አጥቦ ያወርደው እንደሆነ ብላ ከጉድጓዱ ውኃ ስትቀዳ፣ ስታፈስ፣ ስትቀዳ ዋለች። ባልዲውን ተቀበልኋትና መልሳ ነጠቀችኝ። ገመዱ መዳፏን ልጦታል። ቅቤ ቀባሁላት። እጇን አልሳበችም።

ከጎመኑ የዳነ የለም ማለት ይቻላል። ቲማቲሙ ቆሟል፤ ለምን እንደ ቆመ ግን የሚያውቅ አይመስልም።

ጥር 16

ስብሰባ። የቀበሌያችን ጓሮ ብዙው ነድዷል። ጥያቄው ማን አነደደው የሚል ነው። ማዳበሪያው ነው እንዳይባል ማዳበሪያው የመጣው ከበላይ ነው። ጭብጡ ነው እንዳይባል ጭብጡ የጓድ ከበደ ነው።

የዘይቱና ጎመን ግን እንደ በግ ደልቦ ቆሟል። ጓድ ከበደ ይህን ለማስረጃ አቀረበው። ማዳበሪያ አንድ፣ መመሪያ አንድ፣ የአንዷ ለምቶ የሌላው የነደደ እንደሆነ እጅ አለበት አለ። ዘይቱና ማዳበሪያዋን ከከብቶቿ በረት ኋላ ቀብራዋለች። ይህን እኔ አውቃለሁ፤ ያን ጊዜ ስትቀብር አይቻታለሁ። እሷም ማየቴን ታውቃለች። ሁለታችንም መሬት መሬት አየን። ብትናገር እሷም ትጠየቃለች።

«ጎመን በራሱ አይነድም ጓዶች» አለ ጓድ ከበደ። «ቤቱም የታወቀ ነው።»

አሻጥር የሚለው ቃል ተነሣ። ማን እንዳነሣው አላየሁም። ከኋላ ነው የመጣው።

ወጥተን ዘይቱና ከጎኔ መራመድ ጀመረች። ከዚያ ደግሞ ቀርታ ከኋላ መጣች። አልፈርድባትም።

ጥር 19

ጠሩኝ። ካፖርቴን ያዝሁ። ተሻለች ተኝታለች፤ አልቀሰቀስኋትም። መቀስቀስ ነበረብኝ።

ጥር 21

ተመልሼአለሁ። በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ያስገቡኝ የቀበሌው መጋዘን ነው፤ እስር ቤቱ ሞልቶ ነበር። መጋዘኑ ውስጥ የተረፈው ማዳበሪያ በጆንያ ተደርድሯል። እሱ ላይ ተኛሁ። አልበቀልሁም።

የጠየቁኝ ሰዎች ጨዋ ናቸው። ማን እንዳዘዘኝ ነው የሚጠይቁኝ። መመሪያው አልኋቸው። ከመመሪያው በፊትስ ማን አዘዘህ አሉኝ። ከመመሪያው በፊት ጎመን እንዳልነበረኝ ነገርኋቸው። ይህን ጻፉ። ከዚያ ወደ ልጁ ዞሩ። ከልጁ በኋላ ደግሞ ወደ ጎመኑ ተመለሱ። እንዲህ እየተመላለስን ውለን አደርን። አልተመታሁም። አጠገቤ ካለው ክፍል ግን ድምፅ ነበር።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ከመጋዘኑ በር ውጪ የሴት ድምፅ ሰማሁ። መጀመሪያ አላወቅሁትም። ተሻለች ከግቢያችን በር ከወጣች ሰባት ወር አልፏታል። በአስፋልቱ ሰው እያያት፣ አገልግል ይዛ ብቻዋን መጥታለች። በሩ ላይ የነበረው ሰላሀዲን ነው።

አገልግሉን ተቀበላት። ሄደች ብዬ ነበር።

«ነገስ ላምጣ?» አለች።

የሰላሀዲን ጫማ ጠጠሩ ላይ ሲንቀሳቀስ ሰማሁ።

«ልወቀው ብዬ ነው» አለች። «ያኔ ደሴ ሳልጠይቅ ሄጄ ነው እንዲያ የሆንሁት። አሁን ላምጣ ወይስ አላምጣ፣ አንተው ንገረኝ።»

ድምፅዋ አልተለወጠም። ጎመኑን በቀትር ታጠጣዋለህ እንዴ ያለችኝ ዓይነት ድምፅ ነው። ሰላሀዲን «ያምጡ» አለ። ከዚያ ደግሞ፣ «አይ… አያምጡ። ነገ ራሳቸው ይመጣሉ» አለ። የሱ ድምፅ ግን ልክ አልነበረም።

ሄዳ ከራቀች በኋላ አገልግሉን አስገባልኝ። ዓይኑን አላየሁትም፤ መጋዘኑ ጨለማ ነበር። ምስር ወጥ ነው። ጨው አልነበረውም። ተሻለች ጨው ስትረሳ ይኼ መጀመሪያዋ ነው።

ዛሬ ጠዋት ለቀቁኝ። ሰላሀዲን ለጓድ ከበደ ምን ብሎ እንዳሳመነው አላውቅም። የጠየቅሁት ሰው ሁሉ ሌላ ሌላ ነገር ይነግረኛል።

ቤት ስደርስ ተሻለች በር ላይ ቆማ ነበር። «መጣህ?» አለች። «መጣሁ» አልሁ። አገልግሉን ተቀበለችኝ። ባዶ መሆኑን ከፍታ አየች።

ጥር 22

ሰላሀዲን ትእዛዝ ይዞ መጣ። የነደደው ጎመን ለጎብኚ እንዳይታይ ከጉብኝቱ በፊት ተነቅሎ ይጥፋ ተብሏል። ሥራው በጋራ ይሠራል፤ የቀበሌው ሴቶች ማኅበር እንዲሰበሰብ ተፈቅዷል። «ተፈቅዷል» የሚለውን ቃል ሁለት ጊዜ አለው። ለኔ የሚነግረኝ መስሎኝ ነበር፤ የቆመው ግን ወደ ዘይቱና አጥር ዞሮ ነው። ዘይቱና ልብስ እያሰጣች ነበር። ማስጣቷን ተወች።

ማምሻውን ከተሻለች ጋር በአጥሩ ቀዳዳ ሲንሾካሾኩ ቆዩ። ምን ተባባላችሁ ብላት ስለ ጎመኑ ነው አለችኝ።

ጥር 24

ማልደው መጡ። ዘይቱና ከፊት ናት። የክርስቲያኑም የእስላሙም ሰፈር ሴት አልቀረም፤ ካንገት ሰላምታ በቀር ከግንቦት ወዲህ ያላነጋገሩን ሁሉ። ነጠላ የለበሱት አዘቅዝቀው ነው የለበሱት። ሌሎቹ ጥቁር ሻሽ አስረዋል። ጎመን ለመንቀል እንዲህ መልበስ ለምን እንዳስፈለገ አልጠየቅሁም። አንድ አብዮት ጠባቂ ሥራውን እንዲቆጣጠር በሩ ላይ ቆሟል። የዚህ አገር ልጅ አይደለም፤ ከመጣ ገና ወሩ ነው።

ተሻለች ከቤት ወጣች። ወደ መጀመሪያው መስመር ሄዳ በርከክ አለችና አንዱን ጎመን በሁለት እጇ ይዛ ሳበችው። ሥሩ አልቆ ስለ ነበር ያለ ትግል መጣላት። እንዲያ በቀላሉ ይመጣል ብላ አልጠበቀችም መሰለኝ፣ ወደ ኋላ ተቀመጠች። ጎመኑን ጭኗ ላይ አድርጋ አየችው።

«አንተነህ» አለች።

የልጁን ስም ቀስ ብላ ነው ያለችው። ሁለተኛው ግን ሐይቁ ማዶ ሳይሰማ አልቀረም።

ያኔ ሴቶቹ ሁሉ በየመስመሩ ተቀመጡ። ዘይቱና ደረቷን መታች። ጎመን ይነቅላሉ፣ ያለቅሳሉ፣ ይነቅላሉ። አንዷ ፊደል የቆጠረበትን ዘመን አነሣች፤ ሌላዋ ከሐሰን ጋር ታንኳ ላይ ወጥቶ ሐይቁ ውስጥ የወደቀበትን ቀን። ይህን ሁሉ ያውቁ ነበር። ከግንቦት ጀምሮ በየቤታቸው ይዘውት ተቀምጠው ኖረዋል። እኔ ፓፓያው ሥር ቆሜአለሁ፤ ነቅላችሁ አንድ ቦታ ከምሩት ልል አፌን ከፍቼ ዘጋሁት።

ጠባቂው ጠመንጃውን ከትከሻው አውርዶ ገባ።

«ምንድን ነው ይኼ? ለቅሶ ተፈቅዷል እንዴ?»

«ለጎመኑ ነው» አለች ዘይቱና እንባዋን ሳትጠርግ። «የመንግሥት ችግኝ አይደል? እንዲህ ነድዶ ሲቀር ዝም ይባላል?»

«አንተነህ የምትሉት ማን ነው?»

ዘይቱና የነቀለችውን ጎመን አፈሩን አራገፈች።

«የዘሩ ስም ነው» አለች። «ምርጥ ዘር ነበር።»

ጠባቂው እየሣቁበት እንደሆነ ለማወቅ ፊታቸውን አንድ በአንድ አየ። የሚሥቅ አልነበረም። በዚህ መሐል ሰላሀዲን ቦርሳውን አንግቶ በመንገዱ መጣ። ጠባቂው ጠራውና አንተነህ የሚባል የጎመን ዘር እንዳለ ጠየቀው።

ሰላሀዲን ጓሮውን አየ። ከዚያ ተሻለችን አየ። ደሴ ከተያዙበት ቀን ወዲህ ፊት ለፊት ሲያያት አይቼው አላውቅም። እሷም ዓይኗን አልነቀለችም። ምን እንዳየችበት አላውቅም፤ ጎመኑን ግን አጥብቃ ይዛዋለች።

«ነበር» አለ። «ምርጥ ዘር ነበር።»

ጠባቂውን ጓድ ከበደ ይፈልግሃል ብሎ ላከው። ከዚያ ወጥቶ በሩን ከውጪ ገጠመና ጀርባውን ሰጥቶን ቆመ። መንገደኛ ቆም ሲል የጋራ ሥራ ነው፣ እለፉ ሲል ይሰማኛል። ነቀላው እስኪያልቅ ከዚያ አልተንቀሳቀሰም። ትከሻው ግን ተንቀሳቅሷል።

ነቀላው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቆየ። ግማሽ ሰዓት የማይፈጅ ሥራ ነው።

ማታ ከየቤቱ በአገልግልና በሣህን ምግብ መጣ። ወንዶቹ ሲጨልም ገቡ። መጀመሪያ የመጣው ሐሰን ነው። እጄን ይዞ «አላህ ያጽናችሁ» አለኝ፤ ቀጥሎም ወደ አጥሩ እያየ «ስለ ጎመኑ» አለ። ሌሎቹም እንዲሁ እያሉ ተቀመጡ። ብዙ አላወራንም። ተሻለች ከሴቶቹ ጋር ጓዳ ናት፤ ስለ ልጅነቱ አንድ ነገር ስትነግራቸው፣ እነሱም ሲሥቁ ሰማሁ። ከዚያ ደግሞ አለቀሱ።

እኔም አለቀስሁ። ሽንኩርት አልተከልንም ነበርና የማመካኝበት አላገኘሁም።